የጀልባ መሪ ሳይደርቅ ይቀባ
በጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ የሞተር ጀልባ መሪ አልዞር ካለ፣ ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበል ትሰጣለች። በኬብል በሚሠራ መሪ መንስኤው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ የኬብሉ ዘንግ በሚንሸራተትበት የሞተሩ ቱቦ ውስጥ ግሪሱ ደርቆ ዝገት ይይዘዋል። በጉልበት ማዞር ኬብሉን ይጎዳል።

ሞተሩ ጠፍቶ ዘንጉ ከሞተሩ ይፈታ። ያን ጊዜ ሞተሩ በእጅ ከዞረ ችግሩ ከኬብሉ ወይም ከቱቦው ነው። ቱቦው ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጠጥቶ ይደር፤ በማግስቱ ተጠርጎ ግሪስ ይቀባ። ኬብሉ በሽፋኑ ውስጥ ከዛገ ግን ይቀየር፤ ዘይት ማፍሰሱ ራስን ማታለል ነው።

ለዓሣ አስጋሪ ማኅበራት ጀልባ የሚያስረክቡ ወረዳዎች የግሪስና የመለዋወጫ ኬብል በጀት አብረው ሊይዙ ይገባል። በየማኅበሩም መሪ ፈትቶ የሚቀባ አንድ አባል ከርክክቡ በፊት ይሠልጥን።