ኢራንን የጎዳት መቶኛው ሳይሆን የተዘጋው መዝገብ ነው

የአንግሎ-ፐርሺያን የነዳጅ ኩባንያ ታሪክ ሲነሣ ወሬው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከማብቂያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ቴህራን ላይ የተካሄደው መፈንቅለ መንግሥት፣ የጠቅላይ ሚኒስትር ሞሐመድ ሞሳዴቅ መውደቅ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች ሤራ ቀድሞ ይተረካል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ትረካው ትክክል ነው፤ ሲአይኤ ራሱ በ2013 ይፋ በሆነ የውስጥ ሰነዱ የእጁን ሥራ አምኗል። ነገር ግን ዐይናችንን በዚያ አንድ ሳምንት ላይ ስንተክል ከዚያ በፊት የነበሩት 50 ዓመታት ይሰወሩብናል። የእኔ ክርክር እንዲህ ነው፦ ኩባንያው ኢራንን የበደለው አነስተኛ መቶኛ በመክፈሉ ብቻ አይደለም። ከዚያ የከፋው በደል መቶኛው የሚሰላበትን የሒሳብ መዝገብ ለብቻው ይዞ መኖሩ ነው። ሞሳዴቅ የወደቁትም ይህን መብት ከእጁ ሊያወጡ በተነሡ ጊዜ ነው።

የኢራን ንጉሥ ሙዛፈር አል-ዲን ሻህ በ1901 ለእንግሊዛዊው ባለሀብት ለዊልያም ኖክስ ዳርሲ የሰጡት ፈቃድ ከአምስት የሰሜን ክፍለ ሀገራት በቀር መላ አገሪቱን ለ60 ዓመት የሚያስይዝ ነበር። በምላሹ ኢራን 20 ሺህ ፓውንድ በጥሬ ገንዘብ፣ ሌላ 20 ሺህ ፓውንድ የሚያወጣ አክሲዮንና ከዓመታዊ የተጣራ ትርፍ 16 በመቶ ታገኛለች። ተቺዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት 16 በመቶው ላይ ነው፤ በእርግጥም ትንሽ ነው። ይሁንና 16ቱ የሚታሰበው ወጪው ሁሉ ተቀንሶ ከሚተርፈው ላይ ነው። ወጪውን የሚመዘግበው፣ ለእኅት ኩባንያዎቹ በስንት ዋጋ እንደሚሸጥ የሚወስነው፣ የተረፈውን የሚያሰላው ደግሞ ለንደን የተቀመጠው ከፋይ ራሱ ነው። በ1908 መስጂድ ሱለይማን ላይ ነዳጁ ከፈለቀና በማግሥቱ ዓመት ኩባንያው ከተመሠረተ በኋላ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። በ1914 የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል የጦር መርከቦቹን ከድንጋይ ከሰል ወደ ነዳጅ ለማዞር ሲሉ የእንግሊዝ መንግሥት በ2.2 ሚሊዮን ፓውንድ የኩባንያውን 51 በመቶ ድርሻ እንዲገዛ አደረጉ። ከዚያው ጋር የባሕር ኃይሉ ነዳጁን በቅናሽ የሚያገኝበት የረጅም ጊዜ ውል ተፈረመ፤ የቅናሹ መጠን ግን ለኢራን አልተነገራትም። ለመርከቦቹ የተቀነሰው እያንዳንዱ ሽልንግ ከትርፉ፣ ስለዚህም ከኢራን 16 በመቶ ላይ የተቀነሰ ነው። ባለቤቱም ደንበኛውም ግብር ሰብሳቢውም አንድ መንግሥት ሲሆን ለንደን በአንዱ ኪስ ያጣችውን በሌላው ታገኘዋለች። ቴህራን ግን ሌላ ኪስ አልነበራትም።

መዝገቡ በአንድ ወገን እጅ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የ1920ው ስምምነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የጎሣ ተዋጊዎች የነዳጅ መስመሩን ሲቆርጡ ኩባንያው ጉዳቱን በኢራን መንግሥት ላይ ጥሎ ክፍያ ያዘ። ከጦርነቱ በኋላ የኢራን የገንዘብ አማካሪ ሆነው የመጡት ሲድኒ አርሚታጅ-ስሚዝ የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ባለሥልጣን ነበሩ፤ የኩባንያው አብላጫ ድርሻ ያለው የዚያው ግምጃ ቤት ሰው ማለት ነው። የቀጠሯቸው የሒሳብ ባለሙያ ዊልያም ማክሊንቶክ መዝገቡን አይተው ኩባንያው ለኢራን የሚገባትን እንዳልከፈለ አረጋገጡ። አንድ ጊዜ ተከፍቶ ሲታይ ጉድለቱ ወዲያው መገኘቱ ለእኔ ብዙ ይናገራል። የተገኘው መፍትሔ ግን ያለፈውን ዕዳ በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ዘግቶ፣ ከኢራን ውጭ ከሚሠሩት እኅት ኩባንያዎች ትርፍ ላይ ለወደፊቱ ተቀናሽ የሚፈቅድ አዲስ የአሰላል ደንብ ነበር።

በ1931 የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ የኢራን ድርሻ ከቀደመው ዓመት ከ1.2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወደ 307 ሺህ ገደማ አሽቆለቆለ። ረዛ ሻህ በ1932 በቁጣ የድርድሩን ፋይል ምድጃው እሳት ውስጥ ወርውረው ውሉን ሰረዙት ይባላል። ጉዳዩ ወደ መንግሥታት ማኅበር ሄዶ በ1933 አዲስ ውል ተፈረመ። ክፍያው በቶን 4 ሽልንግ ሆነ፤ ለባለአክሲዮኖች ከሚከፋፈለው ትርፍም ከተወሰነ መጠን በላይ ላለው 20 በመቶ ታከለበት፤ የፈቃዱ ዘመን ግን እስከ 1993 ተራዘመ። የተፈራረሙት የገንዘብ ሚኒስትሩ ሐሰን ታቂዛዴህ በ1949 በአገሪቱ ምክር ቤት በመጅሊስ ፊት ቀርበው በዚያ ጉዳይ ከመሣሪያነት ያለፈ ሚና እንዳልነበራቸው ተናገሩ። በቶን መከፈሉ ግልጽነት ያመጣ ይመስላል፤ ትልቁ ጥቅም ግን አሁንም የተንጠለጠለው የዲሬክተሮች ቦርድ «ዘንድሮ ይህን ያህል ይከፋፈል» በሚለው ላይ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት የዋጋ ንረትን ለመግታት ኩባንያዎች የሚያከፋፍሉትን ትርፍ ሲገድብ የኢራን ገቢም አብሮ ተገደበ። ከ1945 እስከ 1950 ኩባንያው 250 ሚሊዮን ፓውንድ ሲያተርፍ ለኢራን የደረሳት 90 ሚሊዮን ነው፤ የእንግሊዝ መንግሥት በግብር ብቻ የወሰደው ከዚህ ይበልጣል። በዚያው ዘመን ከዓለም ትልቁ ማጣሪያ በነበረበት በአባዳን እንግሊዛውያኑ ብሬም በተባለው ሰፈር ሣር ባማረበት ግቢና በክበቦቻቸው ሲኖሩ፣ «ካጋዛባድ» ይባል በነበረው መንደር የኢራናውያኑ ሠራተኞች ቤት የተጠጋገነው በተዘረጋ የነዳጅ በርሜል ቆርቆሮ ነበር። ትርፉ ከማን ቤት እንደገባ ለማወቅ ሠራተኛው ኦዲተር አላስፈለገውም።

ለኩባንያው የሚቀርበው ጠንካራው መከላከያ ማንም ሊያደርገው ያልደፈረውን አደጋ ተጋፍጧል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ዳርሲ ለዓመታት ገንዘቡን ሲያፈስ ከርሟል፤ ቁፋሮውን የሚመራው ጆርጅ ሬይኖልድስ ሥራውን እንዲያቆም ሊታዘዝ በቋፍ ላይ እያለ ነበር ጉድጓዱ የፈነዳው። ደፋር ሰው ዋጋውን ማግኘት ይገባዋል። ሆኖም የአደጋው ዋጋ ስንት እንደሆነና መቼ ተከፍሎ እንዳለቀ ማወቅ የሚቻለው መዝገቡን በማየት ብቻ ነው፤ ያንን የከለከለ ወገን አደጋውን ለዘላለም መከራከሪያ ሊያደርገው አይገባም። ሁለተኛው ክርክር ኢራናውያን ሙያው አልነበራቸውም ይላል። ኩባንያው በ1939 አባዳን ላይ የቴክኒክ ተቋም መክፈቱ አይካድም። ግን ነዳጁ ተወርሶ በጥቅምት 1951 እንግሊዛውያኑ ለቅቀው ሲወጡ ኢራናውያኑ ማጣሪያውን በተቀነሰ መጠን ለአገር ውስጥ ፍጆታ ማንቀሳቀስ ችለዋል። ያቃታቸው መሸጥ ነበር። በ1952 የኢራንን ነዳጅ የጫነችው «ሮዝ ሜሪ» የተባለች መርከብ በእንግሊዝ ሥር በነበረችው ኤደን ወደብ መያዟ ለሌሎች ገዢዎች ማስጠንቀቂያ ሆነ፤ ከቀይ ባሕር ማዶ ባለችው በዚያችው ከተማም ኩባንያው የአባዳንን የሚተካ ማጣሪያ ገነባ።

ሞሳዴቅም ከስሕተት የነጹ አልነበሩም። የዓለም ባንክ በ1952 ያቀረበውን የማስታረቂያ ሐሳብ አለመቀበላቸው ለአገራቸው ኢኮኖሚ ከባድ ዋጋ አስከፍሏል፤ ይህን የማይቀበል ደጋፊያቸው ታሪኩን ያሳንሰዋል። ነገር ግን ክርክሩ ወደ መወረስ ከመድረሱ በፊት የመውጫው በር ክፍት ነበር። ከሞሳዴቅ በፊት የነበሩት፣ መወረሱን የሚቃወሙት ጠቅላይ ሚኒስትር አሊ ራዝማራ እንኳ ኢራናውያን ለሙያ ሥራ እንዲሠለጥኑና መዝገቡ ለምርመራ እንዲከፈት ጠይቀው ነበር፤ ኩባንያው እንቢ አለ። ራዝማራ በመጋቢት 1951 ተገደሉ፤ በቀናት ውስጥ መጅሊሱ ነዳጁ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ወሰነ። እንግሊዝ ወደ ሄግ ስትሄድ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1952 የ1933ቱ ውል በኩባንያና በመንግሥት መካከል እንጂ በሁለት መንግሥታት መካከል የተደረገ ስላልሆነ የመዳኘት ሥልጣን የለኝም ብሎ 9 ለ5 ወሰነ፤ ከዘጠኙ አንዱ እንግሊዛዊው ዳኛ ነበሩ።

ይህን ጉዳይ ለእኛ አገር አንባቢ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ኢትዮጵያም በ1945 ለአሜሪካው ሲንክሌር ኩባንያ ለ50 ዓመት የሚዘልቅ የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ሰጥታ ነበር፤ ኩባንያው ኦጋዴን ላይ ቆፍሮ የሚፈልገውን ሳያገኝ ወጣ። ዛሬ ስለ ኦጋዴን ጋዝ ስንከራከር የመጀመሪያው ጥያቄያችን «መንግሥት ስንት በመቶ ይደርሰዋል?» የሚል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከእሱ በፊት ግን ወጪው በማን እንደሚመረመር፣ ጋዙ ለማን በምን ዋጋ እንደሚሸጥ፣ የውሉ ጽሑፍ ለሕዝብ ይፋ መሆን አለመሆኑ ሊጠየቅ ይገባል። ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ በ1954 ኢራን ላይ የተቋቋመው የኩባንያዎች ማኅበር ለዚህ ማስረጃ ነው። ስሙን ወደ ብሪቲሽ ፔትሮሊየም የለወጠው የቀድሞው ኩባንያ 40 በመቶ ያዘ፣ አምስት የአሜሪካ ኩባንያዎች በጋራ 40፣ ሼል 14፣ የፈረንሳዩ ኩባንያ 6። ኢራን ለዓመታት ስትጠይቀው የኖረችው የትርፍ እኩሌታ ተፈቀደላት። የኢራን ኦዲተሮች የማኅበሩን መዝገብ እንዲያዩና ኢራናውያን በቦርዱ እንዲቀመጡ ግን አልተፈቀደም።