ከትራክተሩ ኋላ የሚጎተተውስ?

መንግሥት በ2011 ዓ.ም የእርሻ ሜካናይዜሽን መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ከፈቀደ ወዲህ ስለ ትራክተር ብዙ ተብሏል። በየስብሰባው የሚጠየቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ “ስንት ትራክተር ገባ?” የሚለው ነው። ከትራክተሩ ኋላ ምን እንደሚጎተት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ቸልታ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ በመኖ ማሳ ላይ ነው።

ምክንያቱ የዘሩ መጠን ነው። ስንዴና አጃ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቀብረውም ይበቅላሉ። የአልፋልፋ ዘር ግን ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር፣ የሮደስ ሣር ደግሞ ከዚያም ባነሰ ጥልቀት መውደቅ አለበት። ጓል በበዛበት ማሳ የተዘራ ደቃቅ ዘር ከፊሉ በስንጥቁ ገብቶ ይቀበራል፤ ጓሉ አናት ላይ የቀረው ፀሐይ ያደርቀዋል። በውድ የተገዛ ዘር እንዲህ ሲባክን ጥፋቱ በዘሩ ወይም በዝናቡ ላይ ይላከካል።

በአካባቢያችን የተለመደው ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ድንጋይና ሥር ሲያጋጥመው ተንከባሎ ያልፋል፤ ከበሬ ማረሻም በላይ 20 እና 25 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይገባል። ሥራው ግን ገመሳ ነው። በተለይ ዋልካ አፈር ላይ ጭንቅላት የሚያክል ጓል ገልብጦ ይሄዳል። ገበሬው በሄክታር ሒሳብ ከፍሎ ትራክተሩን ከሸኘ በኋላ ጓሉን ለመፍጨት ወደ በሬው ይመለሳል። ታዲያ ጉልበቱ የቀነሰለት የቱ ላይ ነው?

የጎደለው መከስከሻው ነው። አንድ ዩኒየን ወይም ማኅበር ለተጨማሪ መሣሪያ የሚሆን ገንዘብ ካለው፣ በእኛ እምነት ሁለተኛ ማረሻ ከመግዛቱ በፊት መከስከሻ ዲስክ ይግዛ። መከስከሻው ሁለት ጊዜ ይለፍ፤ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን አግድም ቢያቋርጥ ጓሉ ይደቅቃል፣ ማሳውም ይስተካከላል። ሮታቫተር ይህን ሁሉ በአንድ ዙር ይሠራል የሚሉ አሉ፤ እውነትም ያደቅቃል። ነገር ግን አፈሩን እንደ ዱቄት ስለሚያልመው ከባድ ዝናብ ሲመታው ገጹ ይጋገራል፤ ተዳፋት ላይ ደግሞ ይታጠባል። ለጓሮ ማሳ ካልሆነ በቀር አንመክረውም።

ሌላው ጉዳይ የደነደነ ንጣፍ ነው። በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት ብቻ የሚታረስ መሬት ከማረሻው በታች ይጠጥራል፤ ውኃም ሥርም አያሳልፍም። ሥሩን ወደ ጥልቅ ለሚሰደው አልፋልፋ ይህ ሞት ነው። የልማት ሠራተኛው ጉድጓድ አስቆፍሮ ንጣፉን ካገኘ መፍትሔው አፈሩን ሳይገለብጥ የሚሰነጥቀው ቺዝል ማረሻ ነው። እሱም አፈሩ ሲደርቅ እንጂ እርጥብ ሳለ አይሠራም፤ እርጥብ ከሆነ ቢላዋ ቅቤ ላይ እንዳለፈ ያህል ነው።

እርጥበቱን ለማወቅ የተራቀቀ መሣሪያ አያስፈልግም። ማረሻው ከሚደርስበት ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አውጥቶ በመዳፍ ማሸት ይበቃል። እንደ ክር ከተጠቀለለ ትራክተሩ ይቁም፤ ከተፈረፈረ ይግባ። ተራ ደርሶናልና ይታረስልን ብሎ ጭቃ ውስጥ ማስገባት የከርሞውንም አፈር ማበላሸት ነው።

የለሰለሰ ማሳ ደግሞ መጠቅጠቅ ይፈልጋል። ይህን ለጤፍ ገበሬ ማስተማር አያሻም፤ ማሳውን በከብት አስረግጦ የሚዘራው ለዚሁ ነው። ሮለር በሌለበት ለአልፋልፋና ለሮደስም ያው ብልሃት ያገለግላል። ማሳው ለመዘራት መድረሱ የሚታወቀው ሰው ሲቆምበት ተረከዙ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም ሳይሰምጥ ሲቀር ነው።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከትራክተር አከራዮች ጋር የሚደረገው ውል “አንድ ዙር እርሻ” ከሚል “ለዘር የደረሰ ማሳ” ወደሚል እንዲለወጥ ማኅበራቱን ያግዙ። ቀሪው ክፍያ የሚፈጸመውም ገበሬው ማሳው ላይ ቆሞ ተረከዙን ካየ በኋላ ይሁን።