ለአባቶችና ለወንድሞች፦ "ጡቴን አመመኝ" ማለት ነውር አይደለም



ስለ ጡት ካንሰር ስጽፍ ሁልጊዜ "እህቶቼ" ብዬ ነው የምጀምረው። ዛሬ ግን ወንዶችን ላነጋግር ነው፤ እስካሁን አለማድረጌ የራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ አንድ አባት "ሳል ይዞኛል" ብለው መጡ። ደረታቸውን ላዳምጥ ሸሚዝዎን ይክፈቱ ስላቸው አመነቱ። የግራ ጡታቸው ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከሥሩ ጠንካራ እብጠት አለ። "አባባ፣ ይሄ ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነው?" አልኳቸው። ዓመት አልፎታል። "ምን ብዬ ልናገር ልጄ? ጡቴን አመመኝ ልበል?" አሉኝ። ባለቤታቸው እንኳ አያውቁም ነበር። ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ካንሰር ነው፤ ብብታቸው ውስጥም ገብቷል።

ወንድም የጡት ሕዋስ አለው። በዓለም ላይ የጡት ካንሰር ከሚገኝባቸው 100 ሰዎች ውስጥ በግምት አንዱ ወንድ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ማንም ስለማይጠረጥረው ወንዶች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ዘግይተው ነው።

የቢዮንሴ አባት ማቲው ኖውልስ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የጡት ካንሰር እንዳለበት ያወቀው ሸሚዙ ላይ በተደጋጋሚ የደም ነጠብጣብ አይቶ ነው። ዝም አላለም፤ ተመረመረ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ በአደባባይም ተናገረ። ብራካ ሁለት የሚባለው የዘረ-መል ለውጥም ተገኘበት። ይህ ለውጥ ከአባት ወደ እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው።

ዋናው ነጥቤ እዚህ ላይ ነው። አባት ሕመሙን ሲደብቅ የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም። ሴት ልጁ ሐኪም ዘንድ ቀርባ "በቤተሰብሽ የጡት ካንሰር የነበረበት ሰው አለ?" ስትባል "የለም" ብላ ትመልሳለች። የአባቷ ዝምታ የእሷን አደጋ ይሸፍነዋል።

ጥፋቱን ሁሉ በወንዶቹ ላይ አልጭንም። እኒያ አባት ለቀጠሮ ሲሄዱ "አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ" ተብለው ከወረፋው ወጥተዋል። ታካሚው እሳቸው መሆናቸውን ማንም አላሰበም። የታዘዘላቸውን ታሞክሲፈንም "የሴት መድኃኒት ነው" ብለው ሊተዉት ነበር። መድኃኒቱ የሴትም የወንድም ነው። አንዳንዱን ወንድ ሙቀት ሙቀት ይለዋል፤ የወሲብ ፍላጎቱንም ሊቀንስበት ይችላል። ይህን ለሐኪም መንገር እንጂ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም። እኛ የጤና ባለሙያዎችም ሳይጠየቁ መናገር የሚያፍሩትን ቀድመን መጠየቅ አለብን።

ወንዶች ሆይ፣ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ታዩ፦

- በጡት ጫፍ ሥር ወይም አጠገብ ያለ ጠንካራ እብጠት (ብዙ ጊዜ አያምም፤ አለማመሙ አያዘናጋችሁ)
- ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ
- ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ወይም ፈሳሽ
- የማይድን ቁስል ወይም የቆዳ መሸብሸብ
- በብብት ውስጥ ያለ እብጠት

ወላጆች ደግሞ አትደንግጡ። በጉርምስና ዕድሜ ያለ ወንድ ልጃችሁ ጡቱ ትንሽ ቢያብጥና ቢያመው አብዛኛውን ጊዜ የሆርሞን ለውጥ ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ይጠፋል። ብቻ አትሳቁበት። ዛሬ የተሳቀበት ልጅ ነገ በስድሳ ዓመቱ ሸሚዙን ለመክፈት የሚያመነታ አባት ይሆናል።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባል የለ? ዛሬ ማታ ይህን ጽሑፍ ለአባታችሁ አንብቡላቸው። ማንበብ ከከበዳችሁ ሼር አድርጉላቸው።

ጤናችሁ ይብዛ!