ፊልሙ ለባለቤቶቹ ይታይ

ለበዓል ወደ አገር ቤት ስንሄድ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ጎብዬ ላይ እንወርዳለን። ባለፈው ጊዜ ኬንያዊው መሐመድ አሚን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ ያነሣውን ፊልም በስልካችን ለሽማግሌዎች አሳየናቸው። እኛ ረኃቡን ስናይ እነርሱ ሰዎቹን አዩ። «ይህች የማን ልጅ ናት? ጋቢ የለበሰውስ?» እያሉ ደጋግመን እንድንከፍትላቸው አዘዙን። ዓለም ያለቀሰላቸውን እነዚያን ፊቶች በስም ሊጠራ የሚሞክር ሰው ያየነው ያን ቀን ነው።

የወሎ ሰው በፊልም ሲነሣ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ ያነሣውን ፊልም «ያልታወቀው ረኃብ» ብሎ ለአገሩ ሕዝብ አሳየ። ለማን ነው ያልታወቀው? ለራያ ገበሬማ ከማንም በፊት የታወቀ ነበር። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተቀላቀለ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ሎንዶን አየው፤ አዲስ አበባም አየው። የወሎ ገበሬ ግን በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ከየት አምጥቶ ይየው? የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ይህን ጉድለት ሊሞላ የሚገባው ቤተ መዘክር ነው እንላለን። ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባለው ቤተ መዘክር የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት እናያለን። አልጋው ዝም ብሎ ተቀምጧል። በዚያች ማታ የታየው ፊልም ከአጠገቡ ቢታይ ግን አልጋውም ይናገር ነበር። ፊልሙም ብቻውን ሲሆን አስለቅሶ ያልፋል፤ ፊቱ የማን፣ መንደሩ የት እንደ ሆነ የሚመዘግብለት ቤት ያሻዋል። የኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. በ1935 የፊልም ክፍል ያቋቋመው ፊልምም እንደ ሥዕል ተጠብቆ የሚታይ ሀብት መሆኑን ተረድቶ ነው። በእኛ በኩል የደሴ ቤተ መዘክር በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፏል። የተዘረፈ ዕቃ ምትክ የለውም፤ የፊልም ቅጂ ግን በብዙ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል።

«ያለፈን ቁስል መነካካት ምን ይጠቅማል?» የሚሉን ይኖራሉ። ቁም ነገር አላቸው። ስለዚህ አስቀድሞ ሽማግሌዎቹ ይጠየቁ፤ ማየት የማይፈልግም አይገደድ። ነገር ግን ሌላው ሁሉ ያየውን መከራቸውን ከራሳቸው ብቻ መደበቅ ርኅራኄ አይባልም። ደግሞም ረኃቡ ብቻ አይታይ። የማሽላው አጨዳ፣ ገበያውና ሠርጉ ዛሬ ተነሥቶ ከዚያው ጋር ይታይ። ልጆቻችን ወላጆቻቸውን በክፉ ቀን መልካቸው ብቻ ማወቅ የለባቸውም።

መምህሮቻችንንና ተማሪ ጓደኞቻችንን የምንለምነው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲያችን የእነዚህን ፊልሞች ቅጂ ካሉበት በደብዳቤ ይጠይቅ። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ፕሮጀክተር ይዘን፣ በትምህርት ቤት ግቢ ነጭ ሸማ ዘርግተን እናሳይ። ሽማግሌዎቹ የሚጠሩትን ስም አንዳችን እንጻፍ። ያ ደብተር የቤተ መዘክራችን የመጀመሪያ ዕቃ ይሁን። ስሞቹን የሚያውቁት ሰዎች በየዓመቱ እያነሱ ነውና፣ አንዘግይ።