«ኔትወርክ የለም» መልስ አይደለም

በግቢያችን ከሚነገሩት ቃላት ሁሉ አዘውትሮ የሚሰማው «ኔትወርክ የለም» የሚለው ነው። የሚነገረውም እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ መዓት ይመስል ነው፤ ጠያቂው ከንፈሩን ይመጥጣል፥ ተጠያቂው ትከሻውን ይሰብቃል፥ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ባለፈው ሴሚስተር በቤተ መጻሕፍቱና በመኝታ ቤቶቹ መካከል ያለው መሥመር ተቋርጦ ዘጠኝ ቀን ሲቈይ፥ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያስረክቡ ጓደኞቻችን አንዲት መጣጥፍ ለማውረድ የምሳቸውን ገንዘብ ለሞባይል ዳታ ሲከፍሉ ሰነበቱ። በመጨረሻ የተገኘው ምክንያት በአንድ ማገናኛ ጫፍ ላይ ያረፈ አቧራ ነበር። ክርክራችን ከአቧራው ጋራ አይደለም፤ ከዘጠኙ ቀን ጋራ ነው።

«ይህ የመሐንዲሶች ነገር ነው፤ የአርትስ ተማሪን ምን አገባው?» የሚሉን አይታጡም። የሚያገባን የምናነበው ሁሉ በዚያ መሥመር ስለሚመጣ ነው። ደግሞም ነገሩ እንደሚወራለት ረቂቅ አይደለም። በየሕንፃው ስዊች የሚባል ሣጥን አለ፤ የቀድሞ ስሙ ብሪጅ፥ ማለት ድልድይ ነው። ሁለቱን ሣጥኖች የሚያገናኘው ፋይበር ብዙውን ጊዜ ጥንድ የመስታወት ክር ሲሆን፥ ሣጥኑ ባንዱ ይናገራል፥ በሌላው ይሰማል። ለረጅም ርቀት በሚሠራው ዓይነት ክር፥ ብርሃኑ የሚያልፍበት መካከል 9 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የጠጕር ውፍረት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዐይን የማያየው ብናኝ እዚያ ላይ ሲያርፍ በመስኮት ላይ መጋረጃ እንደ መጣል ነው።

ንጽሕና ከጥንቱም የዚህ ሙያ መሠረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆካም በእንግሊዝ አገር ሲሠሩ ባወጡት ጽሑፍ፥ ብርሃን በመስታወት ውስጥ የሚጠፋው በአመዛኙ ከመስታወቱ ጠባይ ሳይሆን በውስጡ ካለው ጕድፍ የተነሣ ነው ብለው ተከራከሩ። በ1970 የአሜሪካው የኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች ነገሩን ሠርተው አሳዩ፤ ካኦም በ2009 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ዛሬ በ1310 ናኖሜትር የሚጓዝ ብርሃን በአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ የሚያጣው 0.4 ዲሲቤል ያህል ቢሆን ነው። የ3 ዲሲቤል ጕድለት የብርሃኑን እኩሌታ፥ የ10 ዲሲቤል ደግሞ ከዐሥር እጅ ዘጠኙን መውሰድ ማለት ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ መኝታ ቤቶቹ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላምና፥ ብርሃኑ ደክሞ ከደረሰ መጠርጠር ያለበት ጫፉና ከልክ በላይ የታጠፈው ቦታ ነው እንጂ የመንገዱ ርዝመት አይደለም።

በሥራ ላይ ካሉት ሞጁሎች ብዙዎቹ የተቀበሉትን የብርሃን መጠን ራሳቸው ይናገራሉ፤ ባለሙያው ከወንበሩ ሳይነሣ ሁለቱን ጫፍ መጠየቅ ይችላል። አንዱ እየሰማ ሌላው ከደነቈረ፥ በሽታው በአንድ ክር ወይም በአንድ ሞጁል ላይ ነው። ሁለቱም ከደነቈሩ፥ ክሮቹ ተለዋውጠው ተሰክተው እንደሆነ ይታይ (ተናጋሪ ከተናጋሪ ጋራ ሲገጥም ማንም አይሰማም)፤ አለዚያም መንገድ ቈፋሪ ኬብሉን በጥሶት ይሆናል። ቀጥሎ መጥረግ ነው፤ የገመዱን ጫፎችም የሞጁሉንም አፍ። ከዚያ አጭሩን ገመድ መለወጥ፥ ከዚያም ሞጁሉን። ባንድ ወገን የ850፥ በሌላው የ1310 ናኖሜትር ሞጁል ተሰክቶ፥ ወይም ጫፉ ሰያፍ የሆነው አረንጓዴ ማገናኛ ከሰማያዊው ጋራ ተጋጥሞ ቢገኝ ማንም ሊደነቅ አይገባውም። ይህ ሁሉ ቢበዛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህ ሳይፈታው ሲቀር ብቻ፥ የብርሃን ምት ልኮ የማሚቶውን መመለሻ ጊዜ በመለካት ስብራቱ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ የሚያመለክተው መሣሪያ ይጠራ። ማንም ግን ወደ ክሩ ጫፍ በዐይኑ አይመልከት፤ ብርሃኑ አይታይም፥ ዐይንን ግን ሊጐዳ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግማሽ በሽታ ነው። ድልድዮች መልእክት በክብ እንዳይዞር ትርፉን መንገድ ዘግተው ይይዛሉ፤ ይህን ዘዴ ያወጣችውና በ1985 ጽፋ ያስታወቀችው ራድያ ፐርልማን ናት። (በጽሑፏ መግቢያ ላይ ዘዴውን በግጥም ማስቀመጧን ለአርትስ ጓደኞቻችን ሳንነግር አናልፍም።) ትርፉን መንገድ የዘጋው ድልድይ፥ ጎረቤቱ በየ2 ሰከንዱ የሚልከውን ቃል እየሰማ በሩን ዘግቶ ይቈያል። መናገሪያው ክር ደኅና ሆኖ መስሚያው ቢታመም፥ መብራቱ ሳይጠፋ ቃሉ ብቻ ቢቀር፥ ዝምታውን «በዚያ ማዶ ማንም የለም» ብሎ ይተረጕመውና በሩን ይከፍታል። ያን ጊዜ መልእክቱ ያለ ማቋረጥ ይዞራል፥ ይባዛልም፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከታመመው ክር ጋራ ምንም የማይገናኝ ሕንፃ ጭምር ይወድቃል። ዝምታን እንደ ፈለጉ መተርጐም በቢሮዎችም የታወቀ ልማድ ነው፤ ድልድዩስ ማሽን ነው፥ ምን ያድርግ!

ባለሙያዎቹ ጥቂት መሆናቸውን፥ ብዙ ሕንፃም እንደሚጠብቃቸው እናውቃለን፤ ሰነፎች ናቸው አላልንም። የስዊቹ ክፍል ቁልፍ ለተማሪ ይሰጥም አንልም። የምንለው፥ መሥመር ሲቋረጥ የት ድረስ እንደተፈተሸ በቤተ መጻሕፍቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማጽጃውና መለዋወጫው ገመድ ከአንድ ቢሮ መሳቢያ ወጥቶ በየሕንፃው ይቀመጥ፤ የግዢ ጥያቄ ከመጻፉ በፊት አቧራ ይጠረግ ነው። ተማሪ ረዳቶችም ይሠልጥኑ፥ ከአርትስ ጭምር። ነገርን በተራ መመርመርና የታየውን ሳይጨምሩ መጻፍ በታሪክ ክፍል የምንማረው ትምህርት ነውና እንግዳ አይሆንብንም። «ተማሪ ከነካው ይብስ ይበላሻል» የሚለውን መልስ ሰምተነዋል፤ በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ግን የነካው ተማሪ አልነበረም።

መዝገብ ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልግም። የታመመ መሥመር ምን ያህል እንደ ደከመ የሚታወቀው፥ ጤናማ ሳለ የነበረው ልክ ተጽፎ ከተቀመጠ ነው። ዛሬ መሥመሩ ደኅና ነውና፥ የማኅበራችን ጉባኤ ከመሰብሰቡ በፊት ከሁለቱም ጫፍ የሚነበበው የብርሃን መጠን፥ ቀኑና የሞጁሉ ዓይነት ባንድ ደብተር ይጻፍ፤ ግልባጩም ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይሰጥልን።