"ዴሲሜት" ሁሉን መደምሰስ አይደለም!

"ዴሲሜት" የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ሁሌ ያከራክራል። አንዱ ወገን "ከአሥር አንዱን መግደል ነው፤ ከዚያ ውጭ ስህተት ነው" ይላል። ሌላው "ደመሰሰ ማለት ነው፣ በቃ!" ይላል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም።

የመጀመሪያዎቹ ታሪኩን አልሳቱትም። ቃሉ የመጣው "አሥር" ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ የኛ "አሥራት" ከአሥር እንደወጣው ማለት ነው። በሮም ጦር አንድ ክፍል ከውጊያ ከሸሸ ወታደሮቹ ዕጣ ይጣልባቸዋል። ከአሥሩ ዕጣ የወጣበትን ዘጠኙ ጓዶቹ ራሳቸው ቀጥቅጠው ይገድሉታል። ለተረፉት ደሞ በስንዴ ፋንታ ገብስ ይሰፈርላቸዋል። ክራሰስ በስፓርታከስ አመፅ ላይ ሲዘምት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ71 ገደማ፣ ይህን ቅጣት በገዛ ወታደሮቹ ላይ ፈጽሟል።

ግን ቃል ተወልዶ ባደገበት አይቀርም። "ዲሴምበር"ም ከዚያው "አሥር" ነው የመጣው፤ ዛሬ 12ኛ ወር ነው፤ ማንም አይከራከርበትም እኮ! ዛሬ ዴሲሜት ማለት ከብዙው መካከል ትልቁን ክፍል መፍጀት ነው። በክፉ ቀን ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892) የከብት ደስታ በሽታ ከአገራችን ከብት 90 በመቶ ያህሉን እንደፈጀ ይገመታል። የሮም ስሌት ተገልብጦ ከአሥር አንድ ነው የተረፈው፤ ሆኖም ዴሲሜት ቢባል ልክ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ "ደመሰሰ" የሚለው ትርጉም ነው። ምንም ሳያስቀሩ ለማጥፋት እንግሊዝኛ "አናይሌት" አለው። በዴሲሜት ግን የተረፈ አለ። የጦርነት ዜና ስንተረጉም "ሕዝቡን ደመሰሰው" ካልን አንባቢው ሁሉም አልቋል ብሎ ያልፋል። "አብዛኛውን ሕዝብ ፈጀው" ካልን ግን "የተረፉትስ?" ብሎ ይጠይቃል። ውሃ፣ እህልና ሐኪም የሚጠብቁት እኮ እነሱ ናቸው። በአንድ ቃል ስንፍና ከነሕይወታቸው አንቅበራቸው።

ለተማሪዎቼ፦ ዴሲሜት በቁጥር ለሚበዛ ነገር ነው፤ ለጦር፣ ለመንጋ፣ ለሰብል፣ ለደን። አንድ ቤት ቢፈርስ "ዴስትሮይ" በሉ። ሐዘን ቅስሙን ለሰበረው ሰው "ዴቫስቴትድ" አለላችሁ። ዴሲሜት ላይ ደሞ "ኮምፕሊትሊ" አትጨምሩ፤ የተረፈውን ይገድልባችኋል።

በሉ፣ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። እንደ ድሮው አርማለሁ 😊