ዜማው የኛ፣ ባለዜማው የማን?

በየባህል ምሽቱ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ እስቲ ልብ ብለን እናንብበው። የድምፃዊው ስም በጉልህ ተጽፏል። የመድረክ መሪው አለ። የድምፅ ማጉያውን ያከራየው ነጋዴ እንኳ አልቀረም። የዜማው ደራሲስ? የሙዚቃው አቀናባሪስ? ወይ ጭራሽ የለም፣ ወይ «ሕዝባዊ» የምትል አንዲት ቃል ተለጥፋበታለች። በውነት ሕዝባዊ የሆነውን ሕዝባዊ ነው ብንል ማንም አይጣላንም። ሰው ሌሊቱን በእንቅልፍ እጦት አንግቶ፣ በገዛ ብዕሩ የጻፈውን ሥራ «ሕዝባዊ» ብሎ መዝጋት ግን ለሕዝብ ማሰብ ሳይሆን ስንፍና ነው። የደራሲው ስም የባዕድ ስም ሆኖ ሲገኝማ ነገሩ ከስንፍናም ይብሳል።

በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው አገሩን ተነጥቆ ለሰው አገር ዜማ ስለ ሠራ ስደተኛ ነው። ከሩቁ እንጀምር።

ሐንስ አይስለር እ.ኤ.አ. በ1898 ላይፕሲግ ተወልዶ ቪየና ያደገ፣ በአባቱ አይሁዳዊ የሆነ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። ለሠራተኛው መዝሙር ሠራ፤ ለቤርቶልት ብሬሽት ግጥሞች ዜማ ሰጠ። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ከአገሩ ተሰደደ። እንጀራው አሜሪካ ሆሊውድ አደረሰው፤ እዚያም ፍሪትዝ ላንግ በ1943 ላወጣው ፀረ ናዚ ፊልም የሠራው ሙዚቃ ለኦስካር ሽልማት ታጨ። አድናቆቱ ግን ከለላ አልሆነውም። በ1947 «ኮሚኒስት ነህ» ተብሎ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀረበ፤ በ1948 ከአሜሪካም ተባረረ። ምሥራቅ ጀርመን ገብቶ በ1949 የአዲሱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ግጥሙ ስለ አንዲት ጀርመን ስለሚናገር፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ መዝሙሩ ያለ ቃል በሙዚቃ ብቻ ይሰማ ጀመር። በ1990 መንግሥቱ ራሱ ፈረሰ። በ1956 የወጣውና ስለ ናዚ ማጎሪያ ካምፖች የሚናገረው «ሌሊትና ጭጋግ» የተባለው የአሌን ሬኔ ፊልም ግን እስከ ዛሬ ይታያል፤ ሙዚቃውም የአይስለር ነው። ናዚ ያባረረው ሰው ናዚ ለፈጃቸው ማልቀሻውን ሠራ ማለት ነው።

ታዲያ ይሄ የጀርመን ወሬ ለእንጅባራና ለዳንግላ ተማሪ ምኑ ነው? የሚል አይጠፋም። ምኑ እንደ ሆነ እንንገረው፤ የኛም የመጀመሪያው ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የስደተኛ እጅ ሥራ ነው።

በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ወደ አውሮጳ ሲጓዙ፣ በኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ በደረሰው ፍጅት ወላጆቻቸው ያለቁባቸውን ልጆች ኢየሩሳሌም በሚገኘው የአርመን ገዳም አገኙ። አርባዎቹ በዚያው ዓመት ማለቂያ አዲስ አበባ ገቡ። «አርባ ልጆች» የተባለው የነሐስ ባንድ እነዚህ ናቸው። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ራሱ ስደተኛ ነበር፤ ትውልዱ ዛሬ ጋዚያንቴፕ በምትባለው በአይንታብ ነው። የመዝሙሩን ዜማ የደረሰው እሱ ነው። በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ተሰማ፤ ከዚያም እስከ አብዮቱ ዘመን የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ቆየ። ስለ ግጥሙ ሲወሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ የዮፍታሔ ንጉሤ ስም አብሮ ይነሣል፤ የጎጃሙ፣ የደብረ ኤልያሱ ባለቅኔ። እሱም ፋሺስት ሲመጣ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ስደት የአርመን ወይም የአይሁድ የብቻ ዕጣ እንዳልሆነ ከደጃችን የወጣ ሰው ምስክር ነው።

የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን አይንታብ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1915፣ ፍጅቱ በተጀመረበት ዓመት ነው። ሶርያ፣ ሐለብ አድጎ በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ አጎቱ መጣ፤ በ1977 እስኪሞት ድረስም ዕድሜውን እዚሁ አገር ጨረሰ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሙዚቃ በመጀመሪያ ለኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልቬከር ተሰጥቶ ነበር፤ ከእሱ በኋላ ነርሲስ መራው። ሥራው ቀላል አልነበረም። ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ዜማውን አንድ መስመር ይዞ ይሄዳል። የነሐስ ባንድ ግን ለትራምፔቱ፣ ለሳክስፎኑ፣ ለትሮምቦኑ የየራሱን ድርሻ ይጠይቃል። አንቺሆዬን እንውሰድ፤ ከመነሻ ድምፁ ላይ የአውሮጳው የተለመደ ባለሦስት ድምፅ ኮርድ አይቆምም። በግድ ላቁመው ያለ ቅኝቱን ይገድለዋል። ነርሲስ አምስቱን ድምፅ ሳይለቅ ትልቅ ባንድ የሚያናግር አጻጻፍ ፈለገ። ዛሬ «የድሮ ዘፈን» እያልን የምንቆዝምለት የነሐስ ጩኸት ከሥሩ የእሱ ድካም አለበት።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። በመኝታ ክፍሎቻችን ሦስት ተቃውሞ እንሰማለን።

አንደኛው «የውጭ ዜጋ ነው፤ የኛ ሊባል አይችልም» ይላል። መልሳችን ጥያቄ ነው፤ ዜማውን ስትዘፍን መቼ ፓስፖርቱን ጠየቅከው? ዜማውን ወስዶ ባለዜማውን በር ላይ ማቆም ወርቅ ላበደረ ጠጠር መመለስ ነው።

ሁለተኛው ከግራ በኩል ይመጣል፤ «የቤተ መንግሥት አገልጋይ ነበሩ» ይላል። ሐቅ ነው፣ ለቤተ መንግሥት ሠርተዋል። አገር የሌለው ሰው ከማን ደጅ ያድር? አይስለርስ ለመንግሥት አልሠራም? መንግሥታቱ አለፉ፤ ሙዚቃው አለ። ለንጉሥ ተጻፈ ብለን ዜማውን የምንጥል ከሆነ፣ ፋሲልንም ላሊበላንም አብረን እናፍርስ!

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደ ነው፤ «ነሐሱ ቅኝታችንን አበላሸው» ይላል። ይህን እናከብረዋለን፣ እውነትም አለበት። የማሲንቆ ጣት በድምፅና በድምፅ መካከል የሚያገኘውን ስንጥቅ የፒያኖ ቁልፍ አያገኘውም፤ የጠፋብን ነገር አለ። ግን ምን እንደ ጠፋ፣ ማን እንዳጠፋ፣ ማንስ እንዳዳነ የሚታወቀው ኖታው ተገልጦ፣ ደራሲው በስሙ ተጠርቶ ሲመረመር ነው። ስሙን የደበቅነውን ሰው በምን አፋችን እንከሳለን? የነርሲስን ሥራዎች ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለ የአሜሪካ ባንድ ኮንሰርት አቀረበባቸው፤ «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ ቁጥር 32 ላይም በስሙ ወጡ። ቦስተን ያጠናውን እንጅባራ አያውቀውም። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባል ነበር፤ እዚህ ባለዕዳው ተቀብሎ ባለቤቱ ነው የጣለው።

ጉዳዩ የሙዚቃ ብቻ አለመሆኑንም እንናገር። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው መጠለያ በድንኳን ከርመዋል። ቻግኒ ሩቅ አይደለችም፣ የአዊ ከተማ ናት። ከዚያ ድንኳን የወጣ ልጅ ነገ ዜማ ሲደርስ ምን ልንለው ነው? «ከየት ነህ? የማን ልጅ ነህ?» ወይስ «ምን ሠራህ?» አርባዎቹ ልጆችም አዲስ አበባ ሲገቡ ወላጅ አልነበራቸውም፤ የያዙት መለከት ብቻ ነበር። «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚጀምር አገር መልሱን ሰምቶ ሲጨርስ ዜማው አልፎታል።

አዊ ውለታ አያውቅም የሚል ካለ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ይምጣ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ለዓድዋና ለአርበኞች ተጋድሎ የዋለውን ፈረስ ውለታ በየዓመቱ ያስባል። የፈረስ ውለታ የማይረሳ ሕዝብ ልጆች የሰው ውለታ ሲረሱ ማየት ያሳፍራል፤ ኧረ ያሳፍራል!

እንግዲህ ጥያቄያችን አጭር ነው። በምናዘጋጀው የባህል ምሽት ሁሉ ከድምፃዊው ስም ጎን የግጥሙ ደራሲ፣ የዜማው ደራሲና የአቀናባሪው ስም ይጻፍ። «ሕዝባዊ» የሚባለው ተጠይቆና ተፈልጎ ባለቤት ሲታጣ ብቻ ይሁን። በአውንጊ የሚዘፈኑት የአገው ዜማዎችም ከየአዝማሪው አፍ፣ ባለዜማው በሕይወት ሳለ፣ ከነስሙ ይመዝገቡ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቀለምና ትንሽ ሐፍረት ይበቃዋል።

ቀለሙን ከማባዣው እናገኛለን። ሐፍረቱን ግን እያንዳንዳችን ከየቤታችን እናምጣ።